መሪጌታ ያስታረቁት የመጨረሻ ጠብ

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ያልገቡበት ጠብ አልነበረም። እኔንና ባሌን ደጋግመው አስታርቀውናል፤ ከእኛ ነገር የተገላገሉት ባሌ ሲሞት ነው። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ላይ መስቀልና ነጠላ ለቱሪስት እሸጣለሁ፤ እሳቸው የላሊበላን ሕፃን ሁሉ ፊደል አስቆጥረዋል፣ ለደረሱት ዜማ ያስቀጽላሉ። ድምፃቸው ያማረ ነበር። ጠዋት ገና መደርደሪያዬን ሳልዘረጋ እሰማቸዋለሁ። ስለ ሰው መልካም ማውራት ብዙም አይሆንልኝም፤ ስለ እሳቸው ግን እውነቱን ልናገር።

ስማቸው የወጣው በብልባላው ደም ነው። ብልባላ ላይ ሁለት ቤተሰቦች በወሰን ተጣልተው አንዱ የሌላውን ሰው ገደለ። ነገሩ ወደ ልጅ ልጅ ሊሻገር ሲል መሪጌታ በእግራቸው ሄደው ወራት ተመላለሱ። በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ ይመጣና ከተበደለው እግር ሥር ይወድቃል። የተበደለው ድንጋዩን በገዛ እጁ አንሥቶ ይጥልለትና «ይቅር ለእግዜር» ይላል። ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀን ሰው ቆሞ ማየት ነውር ነው። የሟች ወንድም እያለቀሰ ድንጋዩን አነሣ። ከዚያ ወዲህ ከሙጃ እስከ ቆላው ድረስ ደም የነካው ሰው ሁሉ «ላሊበላ ውረድና መሪጌታን ጥራ» ይባል ጀመር።

እንዲህ ለእርቅ የሚሮጡት በከንቱ አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው በደርግ ጊዜ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም። እናታቸው በር ሳትዘጋ ነው የሞተችው፤ ድንገት ቢመጣ እንዳያንኳኳ ብላ። መሪጌታ ይህን አያወሩም፤ እኔ የሰማሁት ከሚስታቸው ከይማርሽ ነው። ወጣት ሲቆጣ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር።

ከሴቶች ልጆች በኋላ የተወለደላቸው አንድ ወንድ እንግዳው ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሲመጣ በግ ታረደ፤ የምረቃ ፎቶው ግድግዳ ላይ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ተሰቀለ። ከዚያማ መቀመጥ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሄዶ ያንጋጥጣል፣ ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ይመለሳል። አንዱ ደግ ሰው ጆሮው ላይ «አባል ነህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። አይደለሁም ሲል «ታዲያ ለምን ትደክማለህ» አለው። በመጨረሻ «በማኅበር ተደራጁ» ተባሉና ኮብልስቶን መጥረብ ጀመሩ። አያቶቻችን ከአለት ቤተ ክርስቲያን አወጡ፣ እናንተ ደግሞ በዲግሪ ድንጋይ ትቀጠቅጣላችሁ እያልኩ አሾፍበት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በጋውን ሙሉ ጠርበው ጠርበው መንገዱን የማንጠፉ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ማኅበር ተሰጠ፤ የፓርቲ አባላት ማኅበር ነው። የእነሱ ድንጋይ መንገድ ዳር እንደተቆለለ ቀረ፤ ፍየል ይወጣበት ጀመር። ከዚያ በኋላ ቀልዴን ተውኩ።

ኋላ ወጣቱን ለሰልፍ ያስነሣው ሥራ ማጣት ነው ሲባል እሰማለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። አንድ ቀን እንግዳው ሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ጠየቅሁት።

«ምንድን ነው የምትሹት እናንተ? ሥራ ነው?»

«ሥራማ ቢሰጡኝ እሠራለሁ፣ እታለም። ግን ስቀበል አጎንብሼ፣ ከተቀበልኩም በኋላ እንዳጎነበስኩ እንድኖር ነው የሚፈልጉት።»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ?»

«ቀና ብለን እንድንጠይቅ። እነሱም ቀና ብለው እንዲመልሱልን። ቢከለክሉን እንኳ ለምን እንደከለከሉን ይንገሩን።»

«ኧረ ልጄ፣ ይቺማ ከሥራውም የከፋች ናት» አልኩት። እኔም የቀለድኩ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ቀልድ አልነበረም።

አባትየው ስለዚህ ሲነሣ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ጊዜ ያልፋል ልጄ፤ አንተ ብቻ ኑርልኝ።» እንግዳው አባቱን ያከብራል፤ ፊት ለፊት አይመልስም። ወጥቶ ይሄዳል።

የሁለት ሺህ ስምንት ክረምት ሲገባ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች አዳራሽ ተጠሩ። «ችግራችሁን ሳትፈሩ ተናገሩ» ተባሉ። የታች ሠፈሯ የኡሙሀኒ ልጅ እንድሪስ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ብድግ ብሎ «ሆቴሎቹ ጋ ውሃ ሌት ተቀን ይወርዳል፤ እናቴ ጀሪካን አዝላ ገደል ትወርዳለች፤ ይሄ እንዴት ነው?» አለ። እንግዳው ደግሞ «ሥራችንን ለማን እንደሰጣችሁት አውቀናል፤ ማን እንደወሰነ ግን ደፍሮ እኔ ነኝ የሚል ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጭብጨባው እስከ ገበያ ተሰማ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰዎች ፈገግ ብለው ጻፉ። ሳምንት ሳይሞላ ከተናገሩት ውስጥ ሁለቱ ከቤታቸው ተወሰዱ። እንግዳውና እንድሪስ ያን ጊዜ ቤት ስላልነበሩ ተረፉ።

እንግዲህ ለምን ወጡ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይኸው ነው። ተናገሩ ተባሉ፣ የተናገሩት ታሰሩ፣ የቀሩት የታሰሩትን ፍቱልን ብለው ወጡ። ነሐሴ ውስጥ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ከታች ሠፈር እስከ ላይ ወጡ። እኔም ሱቄን ዘግቼ አየሁ። ድንጋይ የወረወረ የለም አልልም፤ የአንድ ሆቴል መስተዋት ረግፏል፤ የወረወረውንም ልጅ አውቀዋለሁ፣ እንግዳው አልነበረም፤ እንግዳውማ እጁን ይዞ ሲከለክለው ነበር። ከዚያ የፖሊስ አስለቃሽ ጭስ መጣ፣ ተኩሱም ተከተለ። አንድ ልጅ ጭኑን ተመታ። የቀሩት ተበታተኑ፤ እንግዳውና እንድሪስ ከሌሎች ልጆች ጋር ከብልባላ ወዲያ ገበሬ ቤት ገብተው ተሸሸጉ።

ይማርሽ እህል መቅመስ ተወች። መሪጌታ ግን አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለእርቅ ተነሡ። እሳቸው የሚያውቁት መድኃኒት እሱ ነበር።

ከመንግሥት ወገን ነገሩን የያዘው አንድ ኃላፊ ነው፤ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ከላይ ተልኮ ነው ይሉታል። ትውልዱ ግን የእኛው ነው፣ ከሙጃ ወዲያ። መሪጌታ ሽማግሌዎች አስከትለው ሲሄዱበት ከወንበሩ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ስሟል። «እኛም ልጆቻችን ናቸው፤ እናስራቸው ብለን አይደለም፤ በሕዝብ ፊት መጥተው ይቅርታ ይጠይቁ፣ የዚያኑ ቀን እቤታቸው ይገባሉ» አላቸው። መሪጌታ ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። በአጥሩ ላይ ጠርተውኝ «ዓለምእሸት፣ ጉልበቴን ስሟል እኮ» አሉኝ። እኔ ብሆን ሰው ጉልበቴን ሲስመኝ ጫማዬን እይዛለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ኡሙሀኒም ሄዳ አነጋግራቸዋለች። እሷ ከእንድሪስ በቀር ማንም የላትም። «መሪጌታ፣ እኔ መንግሥትን አላውቀውም፣ እርስዎን ነው የማውቅ፤ እርስዎ ካሉ ልጄን አምጡልኝ» አለቻቸው።

ስንቅ በአህያ ጭነን መሪጌታ፣ ይማርሽና እኔ ልጆቹ ወደተሸሸጉበት ሄድን። ልጆቹ ከስተዋል፣ ጸጉራቸው አድጓል። ሁሉም ተነሥተው «የኔታ» እያሉ የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ፤ ከእንድሪስ በቀር ሁሉንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ተቀምጠው ነገሩን አስረዱ። ይቅርታው እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመው እንደሚሆን ሲናገሩ እንግዳው አቋረጣቸው፤ በዕድሜው አድርጎት አያውቅም።

«አባባ፣ ማንን በድዬ ነው የምሸከመው?»

«ማንንም አልበደልክም። አውቃለሁ።»

«ታዲያ ስሸከም በድያለሁ ማለት አይደለም?»

«ያልበደለ ሲሸከም የሚያፍረው ቆሞ የሚያየው ነው፣ ልጄ። ያነሣልሃል። ደንብ ነው፤ አላነሣም ማለት አይችልም።»

«እሱ ደንቡን ለሚያውቅ ሰው ነው።»

«ይሄ ሰው የሙጃ ልጅ ነው። እናቱን አውቃታለሁ።»

«እሱ ሙጃ ይወለድ፣ አባባ። ሹመቱ ሙጃ አልተወለደም።»

ይማርሽ ናት የተነሣችው። ልጇ እግር ሥር ተንበረከከችና «ባጠባሁህ ጡቴ» አለችው። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? እንድሪስ ከጥግ ሆኖ «እኔ እሄዳለሁ፤ እናቴ ብቻዋን ናት፤ መሪጌታም ዋሽተው አያውቁም» አለ። እንግዳው እናቱን አንሥቶ አስቀመጣትና ወደ አባቱ ዞረ። «እሺ። ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ለእነሱ አይደለም። ይቺን ብቻ ልብ ይበሉልኝ።»

ቀኑ ከመስቀል በኋላ ሆነ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ወጣ፤ ካህናቱ ጥላ ይዘው መጡ። ድንጋዩን የመረጡት መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። መንገድ ዳር ከተቆለለው፣ ልጆቹ ከጠረቡት ኮብልስቶን ለስላሳ ለስላሳውን እየዳበሱ አነሡ፤ «አንገታቸውን እንዳይፍቃቸው» አሉኝ። ልጆቹ ተሸክመው፣ አቀርቅረው መጡና ከኃላፊው ፊት ተንበረከኩ። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «እነሆ ልጆችህ መጥተዋል። አጥፍተው ከሆነ ይቅር በላቸው፤ አጥፍታችሁ ከሆነ ይቅር ይበሏችሁ። ዛሬ የእርቅ ቀን ነው» አሉ። ሴቶቹ እልል ልንል አፋችንን ከፍተን ጠበቅን።

ሰውዬው አላነሣም።

ቆመ፤ ቆምን። ልጆቹ እንደተንበረከኩ ናቸው። እንድሪስ ድንጋዩን በእጁ ደገፍ አደረገ። መሪጌታ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው፣ ሕዝብ እንዳይሰማባቸው ያህል፣ «ልጄ፣ አንሣላቸው እንጂ፤ ከብዷቸዋል» አሉት። አላያቸውም። ከጎኑ ካሜራ የያዘ ሰው መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ለካሜራው ተናገረ። «እነዚህ ወጣቶች የወረወሩትን ድንጋይ ተሸክመው በመቅረብ ጥፋታቸውን በሕዝብ ፊት አምነዋል» አለ። ፖሊሶች መጡ። ድንጋዩን ከአንገታቸው አንሥተው ጆንያ ውስጥ ከተቱት፤ ማስረጃ ነው ተባለ። ልጆቹን መኪና ላይ ጫኗቸው። ኡሙሀኒ ያለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንግዳው መኪናው ላይ ሆኖ አባቱን አላያቸውም። ተቆጥቶ ይሁን፣ እንዳያፍሩ አዝኖላቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰንበት ብሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። ልጆቹ «ተሃድሶ ላይ ናቸው» ከማለት በቀር የት እንዳሉ የሚነግረን አልተገኘም። ኃላፊው ተዛወረ። መሪጌታ ግን ኃላፊው ያነጋገራቸው ቢሮ በራፍ ድንጋይ ላይ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። ዘበኛው ያዝንላቸውና ውሃ ይሰጣቸዋል። አንድ ቀን የምሸጠውን ይዤ ሆቴል ገብቼ ቴሌቪዥኑ ላይ አየኋቸው። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ይናገራሉ፣ የሚሰማው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ነው። የአገር ሽማግሌዎች ወጣቱን መክረው ለሕግ አቀረቡ ይላል። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አልነገርኳቸውም፤ ግን ከተማው ሁሉ አይቷል፣ ነግረዋቸዋል።

ኡሙሀኒ አርብ አርብ ከጁምዓ ስግደት በኋላ እየመጣች ደጃቸው ላይ ትቀመጥ ጀመር። አትጮህም፣ አትራገምም። መጀመሪያ የመጣች ቀን ብቻ «ልጄን እርስዎ እጅ ላይ ነው የሰጠሁት፤ ሌላ የማውቀው ሰው የለም» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። መሪጌታም ወጥተው አጠገቧ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እሷ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ እሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ገጽ ሳይገልጡ ይውላሉ። ይማርሽ ውሃ ታመጣላቸዋለች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እያየሁ በገዛ እጄ ፊቴን ነጭቼ መሞት ያምረኝ ነበር።

የዚያው በጋ ከሙጃ በኩል ደም ፈሶ መልእክተኛ መጣ። መሪጌታ እምቢ ሲሉ ሲሉ ሄዱ፤ ምናልባት ይህ ቢሳካ ልጄንም እግዜር ይመልስልኛል ብለው ይሆናል። የገዳዩ ወንድም ቁጭ አድርጎ አበላቸው፣ አከበራቸው፤ በመጨረሻ «መሪጌታ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ ድንጋይ ግን አንሸከምም። የተሸከሙትን አይተናል» አላቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ወር ሳይቆይ ከገዳዩ ወገን ሌላ ሰው በደም ብቀላ ሞተ፤ ልጅ እግር ነበር። መርዶው ሲደርሳቸው ማኅሌት ቆመው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ዜማ ለማንሣት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፁ ግን እሺ አይላቸውም። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ።

እንግዳው የመጣው በሁዳዴ ጾም ነው። «አይደገምም» የሚል ካናቴራ አልብሰው ለቀቋቸው። ይማርሽ ሮጣ አቀፈችው። መሪጌታ ግን ከልጃቸው ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ ነበር የሚያዩት። «እንድሪስስ?» አሉት።

«አብረን ነበርን። ታመመ። ወደ ሌላ ቦታ እናሳክመዋለን ብለው ወሰዱት።»

«የት?»

«ጠይቄ ነበር።»

ቤት ውስጥ አባቱን አንድ ቀን ክፉ አልተናገራቸውም። እግራቸውን ያጥባል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ይማርሽ ተመስገን ትል ነበር፤ እኔም ብያለሁ። መሪጌታ ግን አንድ ከሰዓት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ከስተው ነጠላቸው ብቻውን የቆመ ይመስላል። «ከእንግዲህ ምን ታስባላችሁ ብዬ ጠየቅሁት» አሉኝ። «ከእንግዲህ አንጠይቅም አለኝ፣ ዓለምእሸት። ሲጠይቁ እንደ ወንድሜ ይቀራሉ ብዬ እፈራ ነበር። አንጠይቅም ሲለኝ ነው ፍርሃት የገባኝ።» እኔ ፈሪ ነኝ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ ገባሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት እንግዳው ትንሽ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም፤ እናቱም አልጠየቀችውም፣ ሽሮና በሶ ቋጠረችለት። መንገደኛ ሲወጣ ወላጁ ጉልበት ሥር ሆኖ ይመረቃል፤ እንኳን ልጅ፣ ጠላትም ቢሆን መንገድ ሲወጣ ይመረቃል። እንግዳው መጀመሪያ ከታች ወደ ኡሙሀኒ ቤት ወረደ። እኔ ሱቄን ልከፍት እየወረድኩ ነበርና አየሁ። ደጃፏ ላይ ሲንበረከክ መዳፏን ራሱ ላይ አደረገች፤ ዱዓ አደረገችለት። ረዘም አለ። ሁለቱም አላለቀሱም።

ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናቱን አንገቷን አቅፎ ሳመ። መሪጌታ ከበሩ ወጥተው ቆመው ይጠብቁታል፤ ቀኝ እጃቸውን ለራሱ በሚሆን ቁመት ዘርግተዋል።

«ና ልመርቅህ፣ ልጄ።»

እንግዳው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ከእጃቸው ሥር ሳይገባ ቀና አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

«ይቆይ፣ አባባ።»

«እስከ መቼ?»

«እንድሪስ ሲመጣ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይመርቁናል።»

ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ። መሪጌታ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ። ልጁ ከመታጠፊያው ሲሰወር አላወረዱትም፣ መንገዱ ባዶ ሲሆንም አላወረዱትም። በመጨረሻ ይማርሽ መጥታ በሁለት እጇ ይዛ አወረደችላቸው።